በወንዝ ውስጥ አትቁሙ፦ የአዘዞ ልጅ በጂንጃ ነጭ ውሃ ላይ

ኡጋንዳ ውስጥ ጂንጃ ላይ በጎማ ጀልባ ወንዝ ወርጄ ከተመለስኩ ወዲህ ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ ሦስት ነገር ነው። ዋና የማይችል ሰው መሄድ ይችላል ወይ? ጀልባው ሲገለበጥ ምን ይኮናል? አልፈራሽም ወይ? የመጨረሻውን አስቀድሜ ልመልስ፤ በጣም ፈርቻለሁ። እዚያ ጀልባ ላይ ከነበርነው ሰዎች መካከል ውሃን ለመፍራት የእኔን ያህል ምክንያት የነበረው አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልጀምር።

ያደግሁት አዘዞ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ማለት ነው። መገጭ ወንዝ ከእኛ ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው። በበጋ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ የሚሻገሩት የዋህ ወንዝ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ እያለ ከላይ ከተራራው ከዘነበ ደራሽ ይመጣል። ቀድሞ ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ግንዱም ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአጎቴ ጋር ማዶ ዘመድ ቤት ተዝካር በልተን ስንመለስ ውሃው ከጠዋቱ ጨምሯል፤ ግን የሚያስፈራ አይመስልም። ለአጎቴ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። እጄን ይዞኝ ገባን። መሃል ላይ ስንደርስ አዳለጠውና ለቀቀኝ፤ ውሃው ወሰደኝ። ብዙም አልወሰደኝም፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆም። እግሬን ወደ ታች ሰደድኩት። በሁለት ድንጋዮች መካከል ገባና ተቀረቀረ። ከኋላ የሚገፋኝ ውሃ ወዲያው ወደ ፊት ደፋኝ። ፊቴ ውሃ ውስጥ ነው፣ እግሬ ታስሯል፣ ጀርባዬ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ይከብደኛል። ዓይኔን ገልጬ ነበር፤ እስካሁን የማስታውሰው ቀለሙን ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ። አጎቴ ደርሶ ብብቴን ይዞ ውሃው ወደመጣበት አቅጣጫ ሲጎትተኝ እግሬ ተላቀቀ። ኮንጎ ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ የሁለት ጣቶቼም ጥፍር ተነቀለ።

እናቴ ያን ማታ እግሬን በጨው ውሃ እያጠበች "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማሽም፣ አንች ልጅ!" እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ አልገባሁም። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ውሃው ተባርኮ ጎረምሶቹ እየተወረወሩ ሲገቡ፣ እኔ ከግንቡ ዳር፣ ሥራቸው ድንጋዩን አቅፎ ከያዘው ዛፎች አጠገብ ቆሜ የሚረጨው እስኪደርሰኝ እጠብቅ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሥራ አግኝቶ ካምፓላ ከገባ በኋላ በደወለ ቁጥር "እትዬ፣ ነይ፤ የዓባይን ወንድም አስተዋውቅሻለሁ" ይለኛል። ወንድም ማለቱ እውነት ነው። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ጂንጃ ላይ ነው፤ ብዙ አገር ዞሮ ካርቱም ሲደርስ ከእኛው ከጣና ከወጣው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ሥራዬ ጎንደር ላይ እንግዳ መቀበል ነው፤ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄዱትን አስተናግዳለሁ። ጂንጃ ላይ ራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ወንዝ መውረድ፣ ሞክረው የመጡ እንግዶች ሲያወሩ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ነበር። ተራራ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ደክሞ ደስ ይለዋል። እነዚህ ግን የተረፉ ሰዎች ነው የሚመስሉት፤ ዓይናቸው ይበራል። ያንን ነገር ፈለግሁት። እየፈራሁ ፈለግሁት።

መጋቢት ላይ ሄድኩ። የጉዞውን ነገር ባጭሩ ልናገር። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኢንቴቤ በአውሮፕላን ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው፤ ከመሄዳችሁ ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድማችሁ ተከተቡ፤ ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከካምፓላ ጂንጃ ሰማንያ ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም መንገዱ ስለሚጨናነቅ ማታውኑ ሄዶ እዚያ ማደር ይሻላል። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ምግቡን አስቀድመን ነገርናቸው፤ ሙዝ፣ ዳቦና ባቄላ አዘጋጁልን። እንደ እኔ የምትጾሙ ካላችሁ ሰዓቱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ባዶ ሆድ ለግማሽ ቀን መቅዘፍ አይቻልም። እኔ ፈቃድ ጠይቄ በጠዋት በላሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ራፍቲንግ ማለት ወፍራም ጎማ ባለው በአየር የተነፋ ጀልባ፣ ውሃው በድንጋይ መካከል እየተላተመ፣ አረፋ እየደፈቀ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ መውረድ ነው። ያንን ቦታ ራፒድ ይሉታል፤ እኔ ነጭ ውሃ እለዋለሁ። ነጭ ውሃ ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ አለው። አንድ ማለት ውሃው ለስላሳ ሞገድ ብቻ ያለው ነው፤ ሦስት ላይ ሞገዱ ጀልባውን ማርጠብ ይጀምራል፤ አምስት ማለት የሠለጠነ መሪ፣ የተዘጋጀ አዳኝና ትእዛዝ የሚሰማ ቀዛፊ ከሌለ የማይገባበት ነው። ስድስት ለሕይወት እጅግ የሚያሰጋ ነው፤ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ነገር አይደለም። ጂንጃ ላይ እስከ አምስት ይወረዳል።

ጠዋት መጀመሪያ የሕይወት አድን ጃኬት አለበሱን። ያለበሰኝ ልጅ ማሰሪያዎቹን እየጎተተ አጠበቀልኝና የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ አነሳኝ፤ ጃኬቱ ወደ ጆሮዬ ካልሸሸ ልክ ነው ማለት ነው። "መተንፈስ አልቻልኩም" ስለው "ትንሽ ቆይተሽ ታመሰግኚኛለሽ" አለኝ። የራስ ቁሩ ደግሞ ጭንቅላት ሲነቀነቅ አብሮ መነቅነቅ አለበት እንጂ ለብቻው መዞር የለበትም። ማተቤን አላወለቅሁም፣ አንገት ላይ የተጣበቀ ነው፤ ረጅም ሐብል፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ግን አውልቁ። መነጽር የምታደርጉ ከኋላ በገመድ እሰሩት። ጫማ ከእግር የማይወልቅ፣ የሚታሰር ይሁን። ነጠላም ሆነ ሰፊ ቀሚስ የሚሆን አይደለም፤ ጠባብ ሱሪና ከላይ በቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይበቃል።

መሪያችን አርባዎቹን ያለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ኡጋንዳዊ ነበር። ወንድሜ እየተረጎመልኝ እንዲህ አስተማረን። የሚቀመጡት በጀልባው ውስጥ ሳይሆን በጠርዙ ጎማ ላይ ነው። እግር ከፊት ካለው ተሻጋሪ ጎማ ሥር ይገባል፤ ሲጠበቅ የሚይዝ፣ ሲወደቅ የሚወጣ ያህል ብቻ። ከመቅዘፊያው ጫፍ ያለውን እጀታ መዳፍ ምንጊዜም አይለቀውም፤ ምክንያቱም የተለቀቀ እጀታ የጎረቤትን ጥርስ ያወልቃል። ትእዛዞቹ አምስት ናቸው፦ ወደ ፊት ቅዘፉ፣ ወደ ኋላ ቅዘፉ፣ አቁሙ፣ ተጎንበሱና ገመዱን ያዙ፣ በዚህ በኩል ተደገፉ። የመጨረሻው ጀልባው ድንጋይ ላይ ሊለጠፍ ሲል የሚሰጥ ነው። ሰው በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ውሃው በሌላው በኩል ገብቶ ጀልባውን ይገለብጠዋል። መሸሽ ሳይሆን ወደ ድንጋዩ መጠጋት ነው የሚያድነው።

ከዚያ ስለ መውደቅ አወራ። "ውሃ ውስጥ ከሆናችሁ በጀርባችሁ ተኙ፤ እግራችሁ ወደ ቁልቁለቱ ይሁን፤ የእግር ጣታችሁን ከውሃው በላይ እዩት። ድንጋይ ከመጣ እግራችሁ ይቀበለው። እና አትቁሙ። ውሃው እየሮጠ፣ ጥልቀቱ ከጉልበት በላይ ከሆነ ፈጽሞ አትቁሙ። እግር ድንጋይ መካከል ይገባል፣ ውሃው ከኋላ ይደፋችኋል፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሰው ይሞታል።"

ወንድሜ መተርጎሙን አቁሞ አየኝ። እሱ ያኔ ሕፃን ነበር፤ ታሪኩን ግን ከእናታችን እየሰማ ነው ያደገው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ወንዙ የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። እጅ ያለው፣ ሆን ብሎ የሚይዝ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ስም ያለው፣ የሚታወቅ፣ ከመሄዳችን በፊት በሁለት ደቂቃ ትምህርት የሚነገር ነገር ነው። አጎቴ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ስቦ ያላቀቀኝም ሳያውቀው ትክክለኛውን ነገር አድርጎ ነው፤ እግር የሚወጣው በገባበት መንገድ ነው።

ወደ ውሃው ስንገባ መጀመሪያ ያደረጉት ጀልባውን ረጋ ባለ ቦታ ላይ ሆን ብለው መገልበጥ ነበር። ይህን ልምምድ የማያደርግ ድርጅት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ ተመለሱ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ ጃኬቱ እኔ ምንም ሳላደርግ ያወጣኛል፤ ስለዚህ ዋና የማይችል ሰው መሄድ ይችላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው፤ ውሃ ፊቱን ሲነካው ራሱን የሚስት ሰው ካልሆነ። ሁለተኛው፣ ራሳችሁን ከተገለበጠው ጀልባ ሥር ካገኛችሁት እጃችሁን ከራሳችሁ በላይ አንስታችሁ የጀልባውን ሆድ እየገፋችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሂዱ። ወዲያና ወዲህ ካላችሁ እዚያው ትዞራላችሁ፤ ቀጥ ካላችሁ ሦስት አራት ግፊት ላይ ብርሃን ታያላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጭ ውሃዎች ቀላል ነበሩ። እየሳቅን ወጣን። በመካከላቸው ረጅም የተኛ ውሃ አለ፤ ወፎች፣ ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ከደሴቶቹ መካከል በእንጨት ታንኳ የሚያጠምዱ ሰዎች። የጎርጎራ ወደብንና የጣናን የደንገል ታንኳዎች አስታወሰኝ። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ የጎንደርን ብርድ ለምናውቅ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

መሪው በዚህ ረፍት ላይ ውሃ ማንበብ ያስተምረን ነበር፤ ከሁሉም በላይ ለአገሬ ሰው ማድረስ የምፈልገው ይህን ነው። ከላይ ሆናችሁ ወንዙን ስታዩ፣ ለስላሳው ውሃ ወደ ታች እየጠበበ እንደ ጦር ጫፍ ከሆነ መንገዱ እዚያ ነው፤ በሁለት ድንጋዮች መካከል የሚያልፈው ጥልቁ ውሃ ነው። ጫፉ ወደ እናንተ ዞሮ ወደ ታች የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ የተደበቀ ድንጋይ አለ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ይመለሳል፣ ሽቅብ ይፈሳል፤ እዚያ ገብቶ ማረፍ ይቻላል። ውሃ በድንጋይ ላይ ተንከባሎ ወርዶ ወደ ኋላ የሚጠቀለልበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ ያገኘውን ይይዛል፣ ያሽከረክራል። ከሁሉም የከፋው የወደቀ ዛፍ ነው። ውሃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም፤ እንደ ወንፊት ላይ እንደቀረ ገለባ ተጣብቆ ይቀራል። ወደ ዛፍ እየተወሰዳችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ብቻ ዞራችሁ በሆዳችሁ፣ ጭንቅላታችሁን አስቀድማችሁ ዋኙና እንጨቱ ላይ ውጡ፤ በሥሩ ለማለፍ አትሞክሩ።

ሦስተኛው ደረጃ አምስት ነበር። መሪው ጀልባውን ዳር አስጠግቶ ቆመና ለረጅም ጊዜ አየው። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ወንዙ የሆነ ቦታ ላይ ማለቁ ብቻ ነው። አንድ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ማዶ ውሃ የለም፤ አልፎ አልፎ ነጭ ጠብታ ወደ ላይ ይረጫል። ድምፁ ከሩቅ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር፤ አሁን ግን የሚሰማው በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው፤ ጥምቀት ላይ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቀዋል። አፌ ደረቀ። እግሬ፣ ያ የያኔው እግሬ፣ ከጎማው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። "ከጀልባው መውረድ ይቻላል ወይ?" ብዬ ወንድሜን አስጠየቅሁት። መሪው "ይቻላል፤ ከኋላችን ዕቃ የሚጭነው ትልቁ ጀልባ በዳር በኩል ነው የሚሄደው፤ ማንም አይስቅብሽም" አለ። ምርጫ እንዳለኝ ሳውቅ መቆየት ፈለግሁ።

"ወደ ፊት!" አለ። ቀዘፍን። መስመሩ ላይ ስንደርስ ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ውሃው እዚያ ላይ እንደ መስታወት ለስላሳና አረንጓዴ ነው። ቁልቁል አየሁ። የሚጠብቀን ሞገድ ከጀልባዋ ርዝመት ይበልጣል፤ ጫፉ ወደ እኛ እየተጠቀለለ ይፈርሳል። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ታች ተደፋ፤ ሆዴ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ። "ቅዘፉ! ቅዘፉ! ቅዘፉ!" እያለ ይጮኻል፤ እኔ መቅዘፊያዬን ስሰድ ውሃ የለም፣ አየር ነው፤ እንደገና ስሰድ ውሃው እስከ ትከሻዬ ዋጠኝ። የመጀመሪያውን ሞገድ ሰነጠቅነው። ሁሉም ሰው እየጮኸ ነው፤ እኔም እልል እያልኩ እንደነበር የነገረኝ ወንድሜ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቅጽበት ሙሉ ሆኜ አላውቅም። ትናንት የለም፣ ነገ የለም፣ ያለው የሚቀጥለው ቅዝፈት ብቻ ነው። ሰው ነጭ ውሃን የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ፍርሃቱ አልጠፋም፣ ነገር ግን እጅ ሆኖ መሥራት ጀመረ።

ሁለተኛው ሞገድ በጎን መጣ። "ተጎንበሱ!" ሲል ገመዱን ያዝኩ። በግራ በኩል ያሉት ሰዎች ከእኔ በላይ ሲሆኑ አየሁ፤ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለን ቆምን፤ ከዚያ ሰማዩ ጠፋ።

ውሃው ውስጥ ምንም አቅጣጫ የለም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው፤ እግሬ ወዴት፣ ራሴ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። መሪው "ስትሰጥሙ ቁጠሩ፤ ብዙ የመሰላችሁ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው" ብሎን ነበር። ቁጥር አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ኪርያላይሶን ነው፤ ከልጅነቴ በጣት አንጓ እየቆጠርኩ የጸለይኩት። አንድ ኪርያላይሶን። እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ጎማ ነካሁ፤ ከጀልባው ሥር ነኝ። ሁለት። ገፋሁ። ሦስት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ። አራት። ጃኬቱ ወደ ላይ ሲስበኝ ይታወቀኛል። አምስተኛው ላይ ራሴ ወጣ፤ አየር ሳብኩ፤ ወዲያው ሌላ ሞገድ ፊቴ ላይ ፈረሰ። ትምህርቱ ትዝ አለኝ፤ የሚተነፈሰው በሞገዱ ጫፍ ላይ ሳይሆን በሁለት ሞገዶች መካከል ዝቅ ሲባል ነው። ጠበቅሁ፤ ዝቅ ስል ሳብኩ።

ከዚያ ያ የድሮው ነገር መጣ። ሰውነቴ በሙሉ መቆም ፈለገ። ውሃው ጥልቅ ነው፣ የሚነካ መሬትም የለም፤ እግሬ ግን ወደ ታች መዘርጋት ጀመረ። "አትቁሚ" አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። በጀርባዬ ተኛሁ። የጫማዬን ጫፍ ከውሃው በላይ አየሁት፤ ሁለቱንም። ቁልቁል እየተንሳፈፍኩ፣ ሰማይ እያየሁ፣ የሁለቱን ጫማዎቼን ጫፍ እየጠበቅሁ ሄድኩ። ለካ እንዲህ ሲሆኑ ወንዝ ይሸከማል።

አንዷ ካያክ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚቀዝፋት ትንሽ ጠባብ ጀልባ፣ መጥታ አፍንጫዋን እንድይዝ አደረገችኝ። ዳር ላይ ያለው አዳኝ ደግሞ ለወንድሜ ገመድ ወረወረለት። ስለዚህ ገመድ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሚያዘው ገመዱ ታጭቆ የሚወረወርበት ከረጢት ሳይሆን ገመዱ ራሱ ነው፤ በትከሻ ላይ አሳልፈው በጀርባ ተኝተው ይጎተታሉ እንጂ እጅ ላይ አይጠመጠምም፤ ወገብ ላይም አይታሰርም። ውሃ የያዘው የታሰረ ገመድ ወደ ታች ይስባል እንጂ አያወጣም።

ጀልባዋ ላይ ስንመለስ ወንድሜ አቅፎኝ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ። መሪው ምንም ሳይል ትከሻዬን መታ መታ አደረገና መቅዘፊያዬን መለሰልኝ። ኢታንዳ የሚባለው ትልቁ ነጭ ውሃ ጋ ስንደርስ የላይኛውን ክፍል ማንም አልወረደውም፤ ጀልባዎቹን በትከሻ ተሸክመው በእግር ዞርነው። ከዳር ቆሜ ሳየው ሃያ ዓመት ሙሉ መገጭ ላይ የሳልኩት ፍጥረት በእውነት እዚህ አለ አልኩ። በየትኛው ነጭ ውሃ እንደሚወረድ፣ የትኛው በእግር እንደሚታለፍ የሚለይ መሪ ነው ጥሩ መሪ።

ማን መሄድ የለበትም? ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ትከሻው የሚወልቅበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው። የጤና ጥያቄ ሳይጠይቅ የሚያስፈርም ቦታ አትፈርሙ። ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ የቢልሃርዚያን፣ ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚይዘውን የትል በሽታ፣ ነገር አትርሱ፤ እዚያም እንደ ጣና ዳርቻ ይገኛል። ጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወንዝ ውስጥ እንደነበራችሁ ንገሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ አስቸጋሪ ነገር አይደለም። እኔ ወስጃለሁ።

የሰፈሬ ልጆች ሲሰሙኝ ዓይናቸው በራ። "ለምን እኛ በካላማዳሪ መገጭን አንወርድም?" አሉኝ። ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምፈራው። ዓባይ ጀልባ አይቶ አያውቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ትልቅ ቡድን በጎማ ጀልባ ወርዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን፣ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን፣ ከዓባይ መነሻ ተነስተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። ነገር ግን ከ1968ቱ ቡድን አንዱ የሞተው ያን ሁሉ ገደል ሲወርዱ ሳይሆን አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገሩ ነው። መሻገሪያ ነው፤ እንደ እኛ መገጭ። ጂንጃ ላይ እኔን ያዳነኝ ጎማው አይደለም። ወንዙ ጥልቅ መሆኑ፣ ከነጭ ውሃው በታች ሰፊ የተኛ ውሃ መኖሩ፣ ካያክ ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች፣ የጠበቀ ጃኬትና የራስ ቁር ናቸው። የክረምት መገጭ ጥልቀት የለው፣ የተኛ ውሃ የለው፤ ግንድና እሾህ ነው የሚያወርደው። በካላማዳሪ ማንም አይግባበት።

እኔ ያደረግሁት ሌላ ነገር ነው። ሰኔ ላይ አንድ የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ወሰድኩ፤ እንዲወረወር ብዬ ትንሽ ውሃ ጨምሬ ክዳኑን አጠበቅሁና እጀታው ላይ ሃያ ሜትር ገመድ አሰርኩ። ወደ መሻገሪያው ይዤው ስወርድ አጎቴ በዱላው እየተደገፈ ተከተለኝ። አሁን አርጅቷል። የእህቴን ልጆች ደግሞ በሣሩ ላይ በጀርባቸው አስተኛኋቸውና "የጫማችሁን ጫፍ አሳዩኝ" አልኳቸው። ሦስቱም እግራቸውን ሰቀሉ። አጎቴ ቆሞ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝና "ያን ቀን ይህን ብናውቅ ኖሮ" አለ። ዱላውን አስቀምጦ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀበለ፤ ገመዱን በግራ እጁ እንደ ላም ገመድ ጠቅልሎ ያዘና ወደ ማዶ ወረወረው። ከመሃል ትንሽ አልፎ ወደቀ። "አጥሯል፤ አምስት ሜትር ጨምሪበት" አለኝ።

ጨምሬበታለሁ። አሁን መሻገሪያው አጠገብ ያለው ግራር ላይ ተሰቅሏል።